የበግ ጠጉር ለእንዝርት እስኪበቃ፤ በአርብ ገበያና በጋይንት አገር ስላለው የጠጉር አዘገጃጀት ታሪካዊ አስተያየት

መግቢያ

ስለ አገራችን አለባበስ የጻፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ትረካቸውን የሚጀምሩት ከሸማኔው ነው። ድሩ እንዴት እንደሚደራ፣ ማጉ እንዴት እንደሚገባ፣ ልብሱን የለበሰውም ሰው ማዕርጉ ምን እንደ ነበረ በሰፊው ይገልጻሉ። ነገር ግን ክሩ ከሸማኔው እጅ ከመግባቱ በፊት በስንት እጅ እንዳለፈ፣ ይልቁንም የበግ ጠጉር ከበጉ ጀርባ ወርዶ ለእንዝርት እስኪበቃ ድረስ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ የሚናገር ጽሑፍ እጅግ ጥቂት ነው። ልብስ ከሸማኔው ጉድጓድ የበቀለ ይመስል የቀደመው ሥራ ሁሉ በዝምታ ይታለፋል።

እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን የተዘለለ ክፍል ለመመርመር አስበናል። ለምርመራችንም የመረጥነው አገር አርብ ገበያና በዙሪያው ያለው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ምድር ነው። ልናስረዳ የምንፈልገው አሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም የደጋው ሰው የጠጉር ልብስ ደግነትና ክፋት በአብዛኛው የሚወሰነው ከሽመናው በፊት በሚደረገው ማጠብ፣ መልቀምና መንደፍ ነው። ይህም ሥራ በቤት ውስጥ በእናቶች እጅ ስለ ተሠራና የገበያ ዋጋ ስላልተቆረጠለት ታሪክ ጸሐፊዎች ሳይቆጥሩት ቀርተዋል። ያልተቆጠረም ነገር ሲጠፋ መጥፋቱን የሚያውቅ የለም።

1. አገሩና በጉ

አርብ ገበያ ስሙ እንደሚያመለክተው በገበያ ቀኑ የተጠራ ከተማ ነው። በዚህ ስም የሚጠሩ ሌሎች ቦታዎችም ቢኖሩ እኛ የምንናገርለት የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ የሆነውን ነው። ወረዳው በደቡብ በኩል ወደ በሽሎ ሸለቆ ይወርዳል፤ በሰሜን በኩል ላይ ጋይንት ይዋሰነዋል፤ ከዚያም አልፎ ፋርጣን፣ እስቴንና ላይ ጋይንትን የሚያገናኘው የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ቆላና ደጋ የተቀራረቡበት አገር ነው። ጥጥ የሚበቅለው በቆላ ነው፤ በግ የሚረባው በደጋ ነው። የደጋው ሰው ጥጥ ሲያሻው እህሉን ወይም ገንዘቡን ይዞ ገበያ መውጣት ግድ ይሆንበታል። ጠጉር ግን ከደጁ ነው። ይህን ልዩነት አንባቢው እንዲያስታውስ እንለምናለን፤ ምክንያቱም የኋላው ነገር ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

አገሩ በቀድሞው አስተዳደር በበጌምድር ግዛት ውስጥ የነበረው የጋይንት አውራጃ ክፍል ነበር። «በጌምድር» የሚለውን ስም ብዙዎች «የበግ ምድር» ብለው ይተረጉሙታል። ሌሎች ደግሞ ስሙ ከ«በጃ» ሕዝብ ወይም ከ«በጋ» የመጣ ነው ይላሉ። በስሙ ትርጓሜ ላይ ክርክሩ ቢቀጥልም ሕዝቡ ራሱ ምድሩን ከበግ ጋር አያይዞ ማየቱ ብቻውን ምስክር ነው፤ አገር በሌለው ሀብት ሲጠራ ብዙ ጊዜ አይታይምና።

የዚህ አገር በግ ዛሬ በሊቃውንቱ ዘንድ የፋርጣ በግ እየተባለ ይጠራል። ሰሎሞን ግዛው እ.ኤ.አ. በ2008 ባቀረቡት የኢትዮጵያ በጎች ጥናት 14 የሚሆኑ የበግ ወገኖችን በ9 ዘር ከፍለዋል፤ የፋርጣንም በግ ከመንዝ፣ ከወሎ፣ ከሰቆጣና ከትኩር በጎች ጋር ላተ አጭር በሆነው ዘር ውስጥ መድበውታል። ይህ ለጉዳያችን ትልቅ ነገር ነው። በባናው የታወቀው የመንዝ አገርና በዚህ ረገድ ስሙ ብዙ የማይነሣው ጋይንት የሚያረቡት በግ ወንድማማች ነው ማለት ነው። ስለዚህ ስለ ጠጉሩ ጠባይ የሚነገረው ለሁለቱም ይሆናል።

የእነዚህ በጎች ጠጉር ሁለት ዓይነት ነው። ከላይ ያለው ሸካራና ረጅም ጸጉር ዝናምን ያንሸራትታል፤ ከሥር ያለው አጭር፣ ለስላሳና የተጠቀለለ ጠጉር ሙቀትን ይይዛል። ለፈትል የሚፈለገው በተለይ የሥሩ ነው። የውጭ አገሩ ሜሪኖ በግ ጠጉሩ ከሞላ ጎደል አንድ ወጥ ሲሆን ቅባትና እድፍ ግን ይበዛበታል፤ ከጥሬው ጠጉር ክብደት ከሲሶ እስከ እኩሌታ የሚያህለው ሲታጠብ ሊሄድ ይችላል። የእኛ ደጋ በግ ቅባቱ ያነሰ ነው፤ ችግሩ ሸካራው ከለስላሳው ጋር ተደባልቆ መገኘቱ ነው። በመሆኑም የጋይንት እናት ዋና ድካም ከማጠቡ ይልቅ በመለየቱ ላይ ነው።

2. ደበሎና ባና

ሰው የበግን ጠጉር የሚለብስበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው በጉን አርዶ ቆዳውን ከነጠጉሩ ማልፋት ነው። ሁለተኛው በጉን በሕይወት ትቶ ጠጉሩን ሸልቶ መፍተል ነው።

የፊተኛው መንገድ በጋይንት የታወቀ ታሪክ አለው። አገሩ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ምንጭ ነው፤ የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት መምህራን መቀመጫ የሆነው ዙር አምባ በዚያው በጋይንት ይገኛሉ። ከሩቅ አገር የሚመጣው የቆሎ ተማሪ ልብሱ ደበሎ ነበር። ደበሎ ፈትልም ሽመናም አይሻም፤ ለድኻ ተማሪ የሚስማማውም ስለዚህ ነው። ሆኖም አንድ ደበሎ የአንድ በግ ሕይወት ዋጋ ነው፤ ሲያልቅም ሌላ በግ መታረድ አለበት።

ሁለተኛው መንገድ ግን በየጊዜው የሚታጨድ መከር ነው። በጉ ይወልዳል፣ ፍግ ይሰጣል፣ ጠጉሩንም ደግሞ ያበቅላል። ባናው፣ በርኖሱና ማቅ የሚባለው ሸካራ ልብስ የሚገኙት በዚህ መንገድ ነው። የሚጠይቀው ዋጋ በግ መሆኑ ቀርቶ የሰው ድካም ነው። ከደበሎ ወደ ባና የሚያሸጋግረውም ድልድይ አሁን የምንናገርለት የጠጉር ዝግጅት ነው።

የጠጉር ልብስ በኢትዮጵያ ምድር ጥንታዊ መሆኑ አይካድም። በ1ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ለንጉሡ የሚመጡ፣ ዋጋቸው ከፍ ያላለ ወፋፍራም ካባዎችን ይቈጥራል። በቤተ ክርስቲያናችንም መጽሐፍ በመሳፍንት ምዕራፍ 6 የተነገረው የጌዴዎን ጸምር ለእመቤታችን ምሳሌ ሆኖ ሲተረጐም ይኖራል፤ ጸምር ማለት የተሸለተ የበግ ጠጉር ነው። እንግዲህ ሊቁ ስለ ጸምር ምሥጢር ሲያስተምር ኖሯል፤ በጓዳ ያለችው እናት ደግሞ ጸምሩን በእጅዋ ስታጸዳ ኖራለች። የሊቁ ትርጓሜ በብራና ተጽፎ ደረሰን፤ የእናቲቱ ዕውቀት ግን ጸሐፊ አላገኘም።

3. አዘገጃጀቱ

አሁን ሥራውን በየተራው እንግለጽ።

መጀመሪያ ሽለታው ነው። አስተዋይ ባለ በግ ብርዱ በበረታበት ወቅት አይሸልትም፤ ራቁቱን የቀረ በግ በደጋ ውርጭ ይታመማልና። ፀሐይ ሲወጣ በጉን ወደ ወንዝ አውርዶ ማጠብ፣ ጠጉሩ እስኪደርቅም በንጹሕ መስክ ላይ ማቆየት የኋላውን ድካም በብዙ ያቀላል። ከዚያ እግሩ ይታሰርና በመቀስ ወይም በተሳለ ቢላዋ ይሸለታል። እዚህ ላይ የእጅ ጥበብ የሚለየው ባንድ ነገር ነው። ጠጉሩ ከሥሩ ባንድ ጊዜ መቆረጥ አለበት። ሸላቹ ከፍ አድርጎ ቆርጦ የቀረውን ለማስተካከል ሁለተኛ ቢመለስ የሚወጣው ቍርጥራጭ አጭር ይሆናል፤ አጭር ጠጉር በእንዝርት ላይ አይያያዝም፤ ክሩንም በየስንዝሩ ያጐብጠዋል።

ሁለተኛው መለየት ነው። የጀርባውና የትከሻው ጠጉር ንጹሕና ረጅም ስለሆነ ለብቻው ይቀመጣል። የሆድና የእግር ጠጉር አጭርና እድፋም ነው። በጅራቱ ሥር ያለው በጠጥ የያዘው ይጣላል። በዚሁ ጊዜ ቀለሙም ይለያል፤ ጥቁሩ ከጥቁር፣ ቡናማው ከቡናማ፣ ነጩ ከነጭ። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስለን። የጥቁር በርኖስ ቀለም ከበጉ የተገኘ ከሆነ ማቅለሚያ አያስፈልገውም፤ በፀሐይና በውሃም በቶሎ አይለቅም። እንዲህ ሲሆን የልብሱ መልክ ገና ሸማኔው ሳያየው በእናቲቱ መዳፍ ላይ ተወስኗል ማለት ነው።

ሦስተኛው ማጠብ ነው። በጥሬ ጠጉር ላይ ሦስት ዓይነት እድፍ አለ፤ የደረቀ ላብ፣ ቅባትና አፈር። የላቡ ጨው በቀዝቃዛ ውሃ ይሟሟል፤ ስለዚህ ጠጉሩ በመጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ አፈሩም አብሮት ይወርዳል። ቅባቱ ግን ለብ ያለ ውሃና የሚያረፋ ነገር ይፈልጋል። ሳሙና በገበያ ሳይበዛ በፊት የአገራችን ሰው ልብሱን የሚያጥበው በእንዶድ ነበር። የእንዶድ ፍሬ አረፋ የጠጉርን ጠባይ ብዙ አይጐዳም። የአመድ ውሃ ግን ለጥጥ ልብስ ቢስማማ ለጠጉር ጠላት ነው፤ ጠንካራ ከሆነ ጠጉሩን ይበላዋል፤ ክሩም ተሰባሪ ይሆናል። ቅባቱንም ጨርሶ ማስለቀቅ አይገባም፤ ጥቂት ሲቀር ጠጉሩ በጣት መካከል ይንሸራተታል፤ ልብሱም ዝናም ይቋቋማል።

በዚህ ደረጃ ትልቁ አደጋ ሙቀትና ማሸት ነው። የጠጉር አካል በዓይን በማይታይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ባለ ነገር የተሸፈነ ነው። በፈላ ውሃ ውስጥ ሲታሽ ቅርፊቶቹ እርስ በርሳቸው ይያያዙና ዳግመኛ አይላቀቁም። እኛ ራሳችን በልጅነታችን ይህን የተማርነው በጥፋት ነው። እናታችንን ለማገዝ ብለን የተጠራቀመውን ጠጉር በፈላ ውሃ ነክረን እንደ ልብስ አሸነው። ሲደርቅ እንደ ቆዳ የጠነከረ አንድ ቁራጭ ሆኖ ቀረ። እናታችን አልተቆጡም፤ ዝም ብለው አገላብጠው አዩት፤ ከበቅሎ ኮርቻ ሥር የሚገባ ምንጣፍ አደረጉት። ባናው ግን በዚያ ዓመት ሳይሠራ ቀረ፤ ክረምቱንም ልጆች ሁላችን ባንድ አሮጌ ጋቢ ተሸፍነን አሳለፍነው። ከአንድ በግ የሚገኘው ጠጉር ጥቂት ነው፤ ለአንድ ባና የብዙ በጎች ጠጉር መጠራቀም አለበት። ስለዚህ በአንድ ሰዓት ስሕተት የጠፋው የብዙ ወራት ሀብት ነበር።

አራተኛው ማድረቅና መልቀም ነው። የታጠበው ጠጉር ሳይጠመዘዝ ተጨምቆ በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሰጣል። ሲደርቅ ሴቶቹ ተሰብስበው ይቀመጡና ጠጉሩን በጣታቸው እየፈለቀቁ ጨጎጊቱን፣ ገለባውንና ሸካራውን ጸጉር ይለቅማሉ። ከሥራው ሁሉ ረጅም ጊዜ የሚወስድ ይህ ነው። ፈጣን መሣሪያ የለውም፤ የሚሠራው በጣትና በዓይን ብቻ ነው። ሸካራው በሚገባ ከተለቀመ ጠጉሩ ለበርኖስ ይበቃል፤ ካልተለቀመ ማቅ ይሆናል። በጉ አንድ፣ ሸማኔውም አንድ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱን ያመጣው የለቃሚዋ ትዕግሥት ነው።

አምስተኛው መንደፍ ነው። የደጋኑ ጅማት በጠጉሩ ክምር ላይ ሆኖ ሲመታ እየተንቀጠቀጠ ጠጉሩን ይበትነዋል፤ የቀረውም አቧራ ይረግፋል፤ ክምሩም እንደ ደመና ይነፋል። ከዚህ በኋላ በመዳፍ እየተጠቀለለ አመልማሎ ይሆንና ወደ እንዝርት ይሄዳል። አውሮፓውያን ለዚህ ሥራ የሽቦ ጥርስ የተተከለባቸውን ሁለት ሰሌዳዎች ሲጠቀሙ ኖረዋል፤ በላቲን ቋንቋ የመሣሪያው ስም የመጣው ከእሾሃማ አበባ ነው። ደጋን ግን ከህንድ አገር ጀምሮ በብዙ የምሥራቅ ሕዝቦች ዘንድ የታወቀ ነው። ስለዚህ የእናቶቻችን መሣሪያ ብቻውን የቆመ ነገር አይደለም፤ ሰፊ የሆነ የዓለም ጥበብ ወገን ነው።

4. ቃላቱ የሚመሰክሩት

ጽሑፍ በሌለበት ቋንቋ ምስክር ይሆናል። መፈልቀቅ፣ መንደፍ፣ ባዘቶ፣ አመልማሎ፣ ልቃቂት የሚሉት ቃላት ሁሉ በይበልጥ የሚነገሩት ለጥጥ ነው። ጠጉር የጥጥን ቃል ተውሶ ይሠራበታል። ለጥጥ ብቻ የቀረው ቃል «መዳመጥ» ነው፤ ጠጉር ፍሬ የለውምና አይዳመጥም። ለበግ የቀረው ደግሞ «መሸለት» ነው። ከዚህ የምንረዳው ሁለቱን ሥራዎች ያካሄዱት ያው አንድ ቤትና ያው አንድ እጅ መሆናቸውን ነው።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። «ሱፍ» የሚለው ቃል በዐረብኛ ጠጉር ማለት ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣው ያማረ ልብስ ስም ሆነ። «በርኖስ»ም እንዲሁ ከዐረብኛ የመጣ ነው። የአገሩ ጥሬ ዕቃ «የበግ ጠጉር» ተብሎ ሲቀር የክብሩን ስም የውጭው ወሰደው። «ማቅ» ደግሞ የኀዘን ምልክት ሆነ። እንግዲህ በቃላቱ ውስጥ የማዕርግ ደረጃ አለ፤ የእናቲቱም ሥራ የተቀመጠው ከታችኛው ደረጃ ነው።

ስለ ሸማኔው ስንናገር ሸማኔ በአገራችን ሲናቅና «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ የእጅ ባለሙያን መስደብ ከልክለዋል። ፈትል ግን ስድብ አልነበረበትም፤ የመኳንንት ሚስቶች እንኳ እንዝርት ይዘው ይውሉ ነበር። ይሁን እንጂ ስድብ አለመኖሩ ዋጋ መኖር አይደለም። የሸማኔው ስድብ በዐዋጅ ተነሣ፤ የፈታይዋና የለቃሚዋ ድካም ግን ስድብም ዐዋጅም አልነበረውምና ስሙ እንኳ ሳይነሣ ቀረ።

ይህን ከእንግሊዝ አገር ጋር ብናስተያይ ነገሩ ይገለጻል። በዚያ ጠጉር በመካከለኛው ዘመን ቀረጥ የሚከፈልበት ትልቅ ንግድ ስለ ነበረ መዝገቡ ብዙ ነው፤ የላይኛው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ መቀመጫም እስከ ዛሬ በጠጉር የተሞላ ነው። አንድ ሸማኔ ሥራ እንዳይፈታ በርካታ ፈታዮች ያስፈልጉ እንደ ነበረም የታሪክ ሊቃውንቱ ጽፈዋል፤ በ18ኛው መቶ ዓመት የመንደፊያና የመፍተያ መኪና እንዲፈለግ ያደረገው አንዱ ምክንያት ይህ እጥረት ነበር። በጋይንት ጠጉሩ በአብዛኛው በበቀለበት ቤት ተሠርቶ እዚያው ስላለቀ መዝገብ አልተወለትም።

5. ሥራው ስለ ምን ተዳከመ

መዳከሙ ባንድ ቀን የመጣ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን የጠጉር ፋብሪካ ተቋቋመ፤ በ1960 ዓ.ም. ገደማም በዚያው አካባቢ የበግ ማርቢያ ጣቢያ ተከፍቶ ኮሪዴል፣ ሮምኒና ሃምፕሻየር፣ በኋላም አዋሲ የሚባሉት የውጭ ዘሮች ከአገሩ በግ ጋር እንዲዳቀሉ ተሞከረ። አሳቡ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ የታሰበው ለመኪናው የሚስማማ ጠጉር ለማግኘት ነው፤ የጓዳይቱን ሠራተኛ ድካም ስለ ማቅለል የታሰበው ጥቂት ነው። ፋብሪካው ብዙና አንድ ዓይነት ጠጉር ይሻል፤ የጋይንት ቤት ያለው ግን ጥቂትና የተደባለቀ ነው።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቻይናውያን እርዳታ የተሠራው የወረታና የወልድያ መንገድ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ በኩል ሲያልፍ ብርድ ልብስና የተሠራ ልብስ በቀላሉ መግባት ጀመረ። በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ረኃብም በሰሜኑ አገር ያለውን ከብት ክፉኛ አሳነሰው። ከዚያ ወዲህ በግ በይበልጥ የሚረባው ለሥጋና ለገንዘብ ሆነ። ሳይጎረምስ የሚሸጥ በግ ጠጉሩን ለባለቤቱ አይሰጥም። በመጨረሻም ሳልባጅ ከየገበያው ደረሰ፤ ርካሽ ነውና የሚወዳደረው አልተገኘም።

ይህን ሁሉ የምንለው የቀድሞውን ድካም ለማወደስ አይደለም። ጨጎጊት ስትለቅም ጣቷ የቆሰለ ሴት ብርድ ልብስ ከሱቅ ብትገዛ የሚፈርድባት ማነው? ነገር ግን ሌላም ጎን አለ። ጠጉር ከክብደቱ ሲሶ የሚሆን እርጥበት ጠጥቶ እንኳ እርጥብነቱ አይሰማም፤ ለጉና ብርድና ዝናም ከዚህ የተሻለ ነገር በአገሩ አይበቅልም። ዛሬ ግን ይህ ሀብት በየጓሮው ሲጣል፣ ያው ቤተ ሰብ ደግሞ እህሉን ሸጦ በቶሎ የሚያልቅ ልብስ ሲገዛ እናያለን።

መደምደሚያ

ከላይ የተገለጸውን ባጭሩ ስናጠቃልለው፣ በጋይንት አገር የጠጉር ልብስ ታሪክ የሚጀምረው ከሽለታው ሲሆን መልኩንና ጥራቱን የሚወስኑት መለየት፣ ማጠብ፣ መልቀምና መንደፍ ናቸው። ይህን የሠሩ እጆች በታሪክ መጽሐፍ አልተቆጠሩም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በደብረ ታቦርና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ለዕረፍት ወደየቤታቸው ሲሄዱ አያቶቻቸውን ጠይቀው የሥራውን ቃላትና ሥርዓት እንዲጽፉ ነው፤ ደጋኑ ከጣራ ሥር ተሰቅሎ ቢገኝም አመታቱን የሚያውቅ እጅ ካለፈ በኋላ እንጨት ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ የደጋን በግ ለማሻሻል የሚያስቡ ባለሙያዎች ከበጉ ዘር ጋር የመልቀሚያውንና የመንደፊያውን መሣሪያ ነገር እንዲያስቡበት ነው፤ እስከ ዛሬ ሥራውን ያከበደው የበጉ ጥፋት ብቻ አልነበረምና።

እናታችን ያንን የተበላሸ ጠጉር አገላብጠው ሲያዩት ምን እንዳሰቡ በዚያን ጊዜ አልጠየቅናቸውም። ዛሬ ብንጠይቃቸው ኖሮ ይህ ጽሑፍ ከዚህ ይልቅ የተሟላ በሆነ ነበር።